ወረቀት የሌለው ወታደር

የመጀመሪያው ቀን ያባረሩኝ መስሎኝ ነበር። ሾርባውን አሙቄ፣ ክኒኑን ከውኃ ጋር አቅርቤ ገና ቁጭ ከማለቴ ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝና «ኡዋ ቻው» አሉኝ። ቻው? ሥራ ከጀመርኩ አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላኝም። ጃኬቴን ላነሳ ስል የልጅ ልጃቸው በሳቅ ፍርስ አለች። ለካ በህሞንግ ቋንቋ አመሰግናለሁ ማለት ነው።

የምኖረው ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ነው። ብዙ ዓመት የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። የምቀመጥባትን ትንሽ ቤት በማሽን ሲተኳት፣ ቤት ለቤት እየሄድኩ አረጋውያንን መንከባከብ ጀመርኩ። ከላኦስ ከመጡት ከእኚህ የህሞንግ ሽማግሌ ጋር ሦስት ዓመት ተኩል ቆየሁ። ስትሮክ ግራ እጃቸውን ይዞት ነበር። ልጆቻቸው በደንብ ይጦሯቸዋል፤ ቀን ቀን ግን ሁሉም ሥራ ስለሚውል እኔ እገባለሁ። ይህን የምጽፈው ቤተሰቡን አስፈቅጄ ነው። ስም አልጠራም። አባባ እላቸዋለሁ፣ ፊት ለፊትም የምጠራቸው እንደዚያ ነበር። የምጽፈው ቤቱ ውስጥ ወታደር የነበረ አባት ላለው ሰው ነው። እንደኔ ራሱ ወታደር ለነበረም።

አዎ፣ እኔም ነበርኩ። ብሔራዊ ውትድርና ከጎጃም አንስቶ ሁርሶ ማሠልጠኛ፣ ከሁርሶ ከረን አደረሰኝ። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ጦሩ ሲበተን በእግሬ ሱዳን፣ ከሰላ ገባሁ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች የፈረንጅ ናቸው፣ አባባ የሚቆጥሩት በዚያ ነው።) ይህን ለአባባ የነገርኳቸው በስምንተኛው ወር ነው። ወሬውን ያስጀመረን ደግሞ ዱካክ ነው።

ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ያሸልባቸዋል። አንድ ቀን ሲያቃስቱ ሰማሁ። ዐይናቸው ግልጥ ነው፣ ሰውነታቸው ግን አይላወስም። እግራቸውን ነካ ነካ አደረግኩ። (እግር እንጂ ትከሻ አይነካም። ወታደር የነበረን ሰው ከራስጌው ቆመህ ከቀሰቀስከው ቡጢ ትቀምሳለህ።) ሲነቁ በደህናው እጃቸው ደረታቸውን እየመቱ፣ የሆነ ነገር ላያቸው ላይ ተቀምጦ እንደነበር አሳዩኝ። እነሱ «ዳ ቾ» ይሉታል። ደረት ላይ የሚወጣ፣ ትንፋሽ የሚዘጋ። የኛው ዱካክ ነው።

እኛ ዘንድ ዱካክ ያስፈራል እንጂ ገደለ ሲባል አልሰማሁም። እነሱ ግን ገድሎናል ይላሉ። ከ1977 ጀምሮ አሜሪካ የገቡ የህሞንግ ወንዶች፣ ምንም ያላመማቸው ጎልማሶች፣ ማታ ተኝተው ጠዋት ሞተው ይገኙ ጀመር። በ1981 በጣም ባሰ። ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ስደተኞች በጠቅላላው ከመቶ በላይ ሰው እንዲህ አልፏል፣ ክፉኛ የተጎዱት ህሞንጎች ናቸው። የመንግሥት የጤና ባለሙያዎች ሲያጠኑት ከረሙ። ሐኪሞች ኋላ ላይ ከልብ ምት መዛባት ጋር አያያዙት። አባባ ያኔ ገና የሃያ ስምንት ዓመት ሰው ናቸው። እንቅልፍ ፈርተው ቴሌቪዥን ከፍተው ያድሩ እንደነበር ነገሩኝ።

እናንተም ቤት አባታችሁ ሌሊት የሚጮሁ ከሆነ «ዱካክ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ለሐኪም ንገሩ፣ ልባቸውም ይታይ። ጠበል ከሄዱ ይሂዱ፣ ክኒኑን ግን አያቁሙ። አባባ መንፈስ የሚያነጋግር የራሳቸው ሻማን ቤት ድረስ ያስመጡ ነበር። የልብ ሐኪም ቀጠሮ ግን ዘልለው አያውቁም።

«አንተም ይመጣብሃል?» አሉኝ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛችን። አዎ አልኳቸው። «ወታደር?» አዎ። ከዚያ ወዲያ ለአንድ ሳምንት ያህል ምንም አላወሩኝም። በስምንተኛው ቀን ግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው ጨርቅ ጠቆሙኝ።

ስለ ጨርቁ ከማውራቴ በፊት ህሞንግ እነማን እንደሆኑ ልበል፤ እኔም ሴንት ፖል ስገባ ቻይናውያን ይመስሉኝ ነበር። በደቡብ ቻይና፣ በቬትናም፣ በላኦስና በታይላንድ ተራሮች ላይ የሚኖሩ ሕዝብ ናቸው። ላኦስ ውስጥ ደጋ ላይ ሩዝና በቆሎ ያርሳሉ፣ ኦፒየምም ያመርቱ ነበር። በ1962 ጄኔቫ ላይ ላኦስ ገለልተኛ ትሁን፣ የውጭ ጦር ይውጣ ተብሎ ተፈረመ። ሰሜን ቬትናም ጦሯን አላወጣችም፤ በላኦስ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርደውን የሆ ቺ ሚን መንገድ ትፈልገው ነበር። አሜሪካም በግልጽ እግረኛ ጦር መላክ አትችልም። ስለዚህ አንድ ዓመት ቀደም ብላ በሲአይኤ በኩል የጀመረችውን ህሞንጎችን የማስታጠቅ ሥራ ገፋችበት። አዛዣቸው ጄኔራል ቫንግ ፓኦ ነበሩ። ዋና ሰፈራቸው ሎንግ ቼንግ የምትባል፣ ተራራ የከበባት የአውሮፕላን ማረፊያ ነበረች። ጦርነቱ ምስጢር ስለነበር ወታደሩም ምስጢር ሆነ። የአባባ ችግር በሙሉ የመጣው ከዚህች ነገር ነው።

የተመለመሉት በ1967 ነው። ታላቅ ወንድማቸው ሲሞት በእሱ ምትክ ሄዱ። ዕድሜያቸው አሥራ አራት። የተሰጣቸው ጫማ ሁለት እግር ስለሚያስገባ ጨርቅ ጠቅጥቀው ነው የሄዱበት። ይህን ሲነግሩኝ ይስቁ ነበር። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ትልቁ ሥራቸው ተመትተው የወደቁ አሜሪካውያን አብራሪዎችን ጫካ ገብቶ መፈለግ ነበር። ከ1964 እስከ 1973 ድረስ አሜሪካ ላኦስ ላይ ከ580,000 በላይ ምልልስ በርራ ከሁለት ሚሊዮን ቶን በላይ ቦምብ ጥላለች። እንዲህ ሲሆን የሚወድቅም አይጠፋም። አንዱን እግሩ የተሰበረ አብራሪ አራት ሆነው ሁለት ሌሊት ተሸከሙት። ስሙን አያውቁትም። ማስቲካ ሰጠኝ አሉ። መጀመሪያ ውጠውታል።

ወደ ጨርቁ ልመለስ። ጥልፍ ነው፤ የህሞንግ ሴቶች ጥልፍ ፓ ንዳው ይባላል። ድሮ የሚጠልፉት ለልብስና ለማዘያ ጌጥ ነበር። ታይላንድ መጠለያ ከገቡ በኋላ ታሪካቸውን በሰውና በእንስሳ ምስል እየጠለፉ ለፈረንጅ መሸጥ ጀመሩ። ቋንቋቸው በላቲን ፊደል መጻፍ የጀመረው በ1950ዎቹ ነው፣ አባባና ባለቤታቸው ደግሞ ትምህርት ቤት የሚባል አልገቡም። ይህን ጨርቅ ባለቤታቸው ለራሳቸው አስቀርተውታል። እኔ ስገባ እሳቸው ካረፉ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ሰማያዊ ነው፣ ስፋቱ የአልጋ ልብስ ግማሽ ያህላል። ከላይ አውሮፕላን፣ ቤት፣ ዶሮ። መሐል ላይ ጫካ። ከዚያ ዥጉርጉር ወንዝ፣ ሜኮንግ ነው። ከታች የቆርቆሮ ቤቶች፣ በስተመጨረሻ ሌላ አውሮፕላን።

እኔና አባባ በቋንቋ ባንግባባ እንኳ በጣት እንግባባለን። እያሳየሁ እጠይቃለሁ። ይሄ የት ነው? እዚህ ምን በላችሁ? ይህ ዘዴ ሠርቶልናል። በኋላ እንደገባኝ ወታደርን «ምን ተሰማህ?» ብሎ መጠየቅ በሩን መዝጋት ነው። የት ነበርክ፣ ምን በላህ፣ ምን ተጫማህ ካልከው ግን ራሱ ይመጣል። ዓመተ ምሕረት ሲሳሳቱ አታርሙ፤ እኔ አንዴ በስልኬ ፈልጌ ባርማቸው ቀኑን ሙሉ አኮረፉኝ። ከሃያ ደቂቃ በላይም አትግፉ። ሁልጊዜ የምንጨርሰው በምግብ ነው። እሳቸው ቃሪያቸውን በሙቀጫ ያስወቅጡኛል፣ እኔ አንዳንዴ ሚጥሚጣ ይዤ እሄዳለሁ። ሚጥሚጣችንን ቀምሰው «የልጆች ነው» አሉኝ። ይቅር ብያቸዋለሁ።

አሁን ወደ ስህተቴ። ጨርቁ ላይ ጫካው ውስጥ አንድ ቤተሰብ ይታያል። አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጆች በእግራቸው፣ አንድ ሕፃን በእናት ጀርባ። አምስት። ወንዙ ላይ በቀርከሃ ተንጠልጥለው ሲሻገሩ አራት ናቸው። ቆጠርኩና ጠየቅኩ። የልጅ ልጃቸው አጠገባችን ነበረች፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ። እንደወትሮው ታስተረጉም ጀመር። አባባ ቀስ ብለው አወሩ። ልጅቷ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተርጉማ ዝም አለች። አክስት እንደነበረቻት ያወቀችው ያኔ ነው፣ በገዛ አፏ ስትተረጉም።

ነገሩ ይህ ነው። በ1975 ግንቦት 14 ጄኔራሉን ከሎንግ ቼንግ በአውሮፕላን አወጧቸው። በእነዚያ ቀናት ጥቂት ሺህ ሰው፣ በብዛት መኮንኖችና ቤተሰባቸው፣ ወደ ታይላንድ ተጓጓዘ። ሜዳው ላይ በሺዎች ቀሩ። አባባ ተራ ወታደር ናቸው፣ ቀሩ። መታወቂያቸውን፣ ፎቶአቸውን፣ አሜሪካኖች የሰጧቸውን አንዲት ወረቀት አቃጠሉ። የደንብ ልብሳቸውን ቀበሩ። ከዚያ በላኦስ ትልቁ ተራራ በፉ ቢያ ዙሪያ ጫካ ለጫካ ሦስት ዓመት። ወደ ወንዙ የወረዱት በ1978 ነው፣ ሌሊት ሌሊት እየተጓዙ። ሕፃን ካለቀሰ ሁሉም ያልቃል። ስለዚህ እናቶች ለሕፃናት ትንሽ ኦፒየም በውኃ በጥብጠው ይሰጡ ነበር። ብዙ ቤተሰብ አድርጎታል። መጠኑን በጨለማ ማን ይለካል? የነሱ ልጅ አልነቃችም።

በዚያ ቀን በምግብ አልጨረስንም። ልጅቷ ወደ ክፍሏ ገባች፣ እኔ ሰዓቴ ደርሶ ወጣሁ። ማታ እናቷ ደወለችልኝ። ተቆጣች፣ ልክም ነበረች። የልጅ ልጅ አስተርጓሚ አይደለችም። እኛም ቤት ስንት ልጅ ነው ሆስፒታል ውስጥ፣ ጠበቃ ቢሮ ውስጥ የእናቱን ጉድ እየተረጎመ የሚያድገው! ሆስፒታል አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ ነፃ ነው፣ ጠይቁ። እንዲህ ላለው የቤት ወሬ ደግሞ እኩያ ይሻላል። ከዚያ በኋላ ከባድ ነገር ሲኖር አባባ የድሮ ጓደኛቸውን ያስጠሩ ነበር።

መጠለያው ባን ቪናይ ይባላል፣ ኋላ ከ40,000 በላይ ሰው የታጨቀበት። ስለሱ ብዙ አላወሩም። ሰልፍ፣ ጭቃ፣ ሰልፍ። በ1980 አንድ ቤተ ክርስቲያን ዋስ ሆናቸው፣ ሴንት ፖል ገቡ። ጥር ነበር። የሚኒሶታን ጥር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሕንፃ አጸዱ፣ ፋብሪካ ሠሩ፣ በኋላ መሬት ተከራይተው አትክልት አመረቱ። ሴንት ፖል ገበሬዎች ገበያ ቃሪያ የምትገዙ አበሾች፣ ሻጮቹ በብዛት ህሞንጎች ናቸው። ምናልባት ከአባባም ገዝታችሁ ይሆናል።

ሃያ ዓመት ሙሉ ግን ዜጋ አልሆኑም። የዜግነት ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። እሳቸው በአሥራ አራት ዓመታቸው ጫካ ገብተው የት ይማሩት? የአሜሪካ ወታደር ነበርኩ እንዳይሉ ወረቀት የለም። የጦርነት ተመላሾች ሐኪም ቤት አያያቸውም፣ ጡረታም የለም። በ1997 አርሊንግተን መቃብር ላይ በስማቸው ትንሽ ሰሌዳ ተተከለ። በ2000 ግንቦት ላይ ፕሬዚዳንት ክሊንተን አንድ ሕግ ፈረሙ፤ ከአሜሪካ ጎን በላኦስ የተዋጉ ሰዎች ያለ እንግሊዝኛ ፈተና ዜግነት እንዲወስዱ የሚፈቅድ።

እኔን የገረመኝ ማስረጃው ነው። ሰነድ ያለው ሰነድ ያምጣ። የሌለው የአለቃውን ቃለ መሐላ። ያም ካልሆነ አብረውት የተዋጉና በዐይናቸው ያዩት ሁለት ሰዎች ቃለ መሐላ። ሕግ አውጪዎቹ ወረቀት እንደተቃጠለ ገብቷቸዋል ማለት ነው። አባባ አንድ ምስክር ነበራቸው። ሁለተኛውን ያገኙት ለቅሶ ቤት ነው። በ1974 ሞቷል ብለው ያለቀሱለት ሰው ሩዝ እየበላ ተቀምጦ! በ2001 ማሉ።

ይህን ሲነግሩኝ የራሴን ነገርኳቸው። እኔም መታወቂያዬን ከሰላ ልገባ ስል ድንጋይ ሥር ቀብሬዋለሁ። ሱዳን ውስጥ ለስደተኛ ቃለ መጠይቅ ስቀርብ ተማሪ ነበርኩ አልኩ። ጓደኞቼ «ወታደር ነበርኩ ካልክ አለቀልህ» ብለውኝ። እዚህ ገብቼ ለዜግነት ሳመለክት ቅጹ በግልጽ ይጠይቃል፤ ወታደር ነበርክ ወይ? ቅጽ የሚሞላልን ሰውዬ «አይ በልና እለፍ» አለኝ። ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። በመጨረሻ የስደተኛ ጉዳይ ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። እውነቱን፣ ቀድሞ ለምን እንዳልተናገርኩም ጭምር በጽሑፍ አስገባን። ዘገየ፣ ጠየቁኝ፣ አለፈ። የኔ አለፈ ማለት የሁሉም ያልፋል ማለት አይደለም፤ ለዚህ ነው ጠበቃ የምለው። ወታደርነት እዚህ አገር ቀላል ጉዳይ አይደለም። ከ2001 በኋላ በጠበቀው ሕግ ራሳቸው አሜሪካኖቹ ያስታጠቋቸው ህሞንጎች እንኳ «መሣሪያ ያነሱ» ተብለው ጉዳያቸው ተያዘ። በ2007 መጨረሻ ኮንግረስ በስም ጠርቶ ነው ያወጣቸው። ስለዚህ አትዋሹ፣ ብቻችሁንም አትሙሉ።

ወላጅ ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር። 50 ዓመት ሞልቶት በግሪን ካርድ 20 ዓመት የኖረ፣ ወይም 55 ሞልቶት 15 ዓመት የኖረ ሰው የእንግሊዝኛው ይቀርለታል፤ የታሪኩን ጥያቄ በአማርኛ ይፈተናል። 65 ከሞላውና 20 ዓመት ከኖረ ጥያቄዎቹም ይቀንሱለታል። ሕመም ወይም የአእምሮ ችግር መማርን ከከለከለ ሐኪም የሚሞላው ኤን-648 የሚባል ቅጽ አለ። እናቶቻችን በከንቱ ሲጨነቁ ስለማይ ነው።

በ2018 ደግሞ ክሊንተን በፈረሙት ሕግ ዜጋ የሆኑት በብሔራዊ የጦር መቃብር እንዲቀበሩ ተፈቀደ። ልጃቸው ደስ ብሎት መጣ። አባባ ቦታው ሜዳ ነው ወይስ ኮረብታ ብለው ጠየቁ። ሜዳ ነው። «እንግዲያው ይቅርብኝ» አሉ። ህሞንግ የሚቀበረው ተራራ ጀርባውን የሚደግፍለት ቦታ ነው።

መጋቢት ላይ አረፉ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ገደማ፣ ትልቁ ልጃቸው ደወለ። «ያ ደብተርህ አለ?» አለኝ።

በእነሱ ወግ ቀብር ቀናት ይፈጃል። ቄንግ የሚባል የቀርከሃ መሣሪያ ይነፋል፣ ከበሮ ይመታል፣ የወርቅና የብር ቀለም ያለው ወረቀት ታጥፎ በክምር ይቃጠላል። ከሁሉ በፊት ግን መንገድ የሚያሳይ ዜማ አለ። ዜመኛው የሟቹን ነፍስ እየመራ የኖረበትን ቦታ ሁሉ ወደ ኋላ ይጠራል፤ ከመጨረሻው ቤት እስከ ተወለደበት መንደር። ነፍስ እያንዳንዱን ቦታ አመስግና ታልፋለች። መድረሻዋ እንግዴ ልጇ የተቀበረበት ነው። ለወንድ ልጅ ከቤቱ ምሰሶ ሥር ይቀበራል። በቋንቋቸው እንግዴ ልጅንና ጃኬትን በአንድ ቃል ይጠሩታል፤ እሱን ለብሳ ነው ወደ ቀድሞዎቹ የምትሄደው። እኛ እትብቴ የተቀበረበት እንላለን፣ እናልፋለን። እነሱ የምር ይሄዳሉ።

ልጁ ሴንት ፖል ውስጥ የኖሩባቸውን ሦስት ቤቶች ያውቃል። ባን ቪናይንም ያውቃል። የጫካውን ሦስት ዓመት ግን አያውቅም፣ ከውትድርና በፊት የነበሩትንም መንደሮች አባቱ ነግረውት አያውቁም። እኔ ዘንድ አሉ። ከጨርቁ ላይ ጣቴን እያስቀመጥኩ የጠየቅኋቸው፣ በአማርኛ ፊደል እንደሰማሁት የከተብኳቸው አሥራ አንድ ስሞች። በስልክ አንድ በአንድ አነበብኩለት። አንዱን ሦስቴ አስደገመኝ፤ የኔ ድምፅ ከፍና ዝቅ አይልም፣ በነሱ ቋንቋ ደግሞ ቃናው ትርጉም ይለውጣል። ከጀርባው አንድ ሽማግሌ ስሙን አስተካክለው ሲጠሩት ሰማሁ። ያ ሁለተኛው ምስክር ነበሩ።

ቀብሩ ቤት ከኋላ ወንበር ይዤ ተቀመጥኩ። ዜማው ረጅም ነው፣ አንድ ቃል አይገባኝም። ከጊዜ በኋላ ግን ስሞቹ መምጣት ጀመሩ። ባን ቪናይ። ሜኮንግ። ከዚያ ደብተሬ ላይ ያሉት፣ በቅደም ተከተል። የልጅ ልጃቸው መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ምንም አላለችም።

ማታ ቤቴ ገብቼ ከደብተሩ ጀርባ የራሴን ጻፍኩ። ሴንት ፖል፣ ካርቱም፣ ገዳሪፍ፣ ከሰላ፣ ከረን፣ ሁርሶ። ከዚያ የኛ ቀበሌ፣ ከዚያ የእናቴ ቤት። ልጄ ውኃ ልትጠጣ ወጥታ በትከሻዬ ላይ አነበበች።

«ሁርሶ ምንድን ነው?» አለችኝ።

ወንበር ሳብኩላት።